ሌባዋን ያስመለጥኳት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ስትስቁ ግን እንዳላያችሁ።

ጋሽ ወርቁ እዚህ ሆላንድ፣ ዲመን ከተማ ጎረቤታችን ናቸው። ድሮ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፊልም ያሳዩ ነበር። አምና ከዳፐርማርክት፣ ከአምስተርዳሙ ገበያ፣ አሮጌ የቆርቆሮ ዕቃ ገዝተው ሲከፍቱት ውስጡ ጥቅል ፊልም ተገኘ። ለፊልም ባለሙያዎች አሳዩት፤ ጠፍቶ የቀረ ድምፅ አልባ የወንጀል ፊልም ኖሯል። ቅጂውን በፍላሽ ሰጧቸው።

ልጃቸው ሰናይት ሮተርዳም ሥራ ላይ ስለነበረች እኔን ጠሩኝ። "ነይ አንቺ ቀበጥ፣ እስኪ ደችሽን እንየው! እንደ ቪዲዮ ቤት አድርገሽ ተርጉሚልን" አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝም ተመቻችተው ተቀመጡ።

በፊልሙ መሃል የሚመጣው ጽሑፍ የጥንት ደች ነው፤ ብቅ ብሎ እልም ይላል። አልገባኝም ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን ዋሸሁ። ፊልሙ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ የእመቤቷን ሐብል ትሰርቃለች። እኔ "ልጅቷ ንፁሕ ናት፤ የሰረቀው ባልየው ነው!" አልኩ።

"ድሮም ዓይኑ አላማረኝም!" አሉ እትዬ አልማዝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ? ፖሊሶቹ ይዘዋት ሲሄዱ "መርከቡ እንዳያመልጣት እየሸኟት ነው" አልኩ። ሁለቱም አጨበጨቡ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ፊልሙ ዴንሃግ ከተማ በትልቅ አዳራሽ፣ በፒያኖ ታጅቦ ታየ። አብረን ሄድን። በጆሯቸው የተረጎመችላቸው ሰናይት ናት፤ በትክክል። ሌባዋ ሌባ ሆነች፣ ታሰረች። ጋሽ ወርቁ ብድግ ብለው "ቆርጣችሁታል! ባልየውስ?" ሲሉ አዳራሹ ዞሮ አያቸው። እኔስ? ሻርፔን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቄን አፈንኩ።  ያን ቀን ዝም ባልል ኖሮ ውሸቴ ጨዋታ ሆኖ በቀረ!

ሰናይት ደነገጠች። እናቷን ብትጠይቅ "ባልየው ነው፤ ልጅቷማ በመርከብ ሄዳለች" አሏት። "ሁለቱም መርሳት ጀምረዋል" ብላ ሁይስአርትስ፣ የቤተሰብ ሐኪማቸው፣ ዘንድ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ቀጠሮው ነገ ነው።

ሰናይት፣ የእናት አባትሽ ጭንቅላት ከእኔም ካንቺም ይበልጣል። የሰሙትን ነው የያዙት፤ ያሰማኋቸው እኔ ነኝ። ደቹ ከበደኝ ብዬ አላመካኝም። ስለጣፈጠኝ ነው የዋሸሁት። ሐኪሙ ዘንድ የሚሄድ ሰው ካስፈለገ እኔን ውሰጂኝ።

ጋሽ ወርቁ፣ እትዬ አልማዝ፣ ይቅር በሉኝ። ልጅቷ ሰርቃለች።