በባናው ጠርዝ የቀረው ማኅተም

ዝናብ የመታው የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሽው ባለ ቁጥር፣ ዕድሜዬ ከላዬ ይገፈፍና፣ ከቀየት ከተማ በላይ ካለችው የድንጋይ ቤታችን ደጃፍ ቁጭ ብዬ የአባቴን እርምጃ የማዳምጥ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ ከጦር ሜዳ የተመለሰው በአንድ እግሩ ነበር። በሌላው ምትክ ራሱ ከጽድ የጠረበውን እንጨት ያስር ስለነበር፣ ክረምት ክረምት ጉሙ ወርዶ ቤቱንና በረቱን አንድ ሲያደርጋቸው፣ እሱ ሳይታይ ድምፁ ይመጣ ነበር፤ ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ፣ ዝም። ቤታችን ራሷ በጉሙ ውስጥ የምትራመድ ይመስለኝ ነበር። ጭቃ ላይ ግን እንጨቱ ይከዳዋል። ወድቆ በተነሣ ቁጥር የጉልበቱ ቁስል ይከፈት ነበር።

ከተማ ውስጥ ለቆሰለ ወታደር ሰው ሠራሽ እግር እንደሚሰጥ ሰምቷል። ለዚያ የሚያበቃው ደግሞ ሲሰናበት የተሰጠው፣ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ነበር። «መንገዱ ይድረቅ እንጂ ይዤው እሄዳለሁ» ይል ነበር። እናቴ ጣሪያው ስለሚያፈስ፣ አይጥም ስለማይታመን፣ ለማንም ሳትነግር ወረቀቱን በባናው፣ ራሷ ፈትላ ባሠራችለት ወፍራም የጠጉር ልብስ፣ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው።

ጳጉሜ ሲገባ ያገራችን ሰው ወንዝ ወርዶ አሮጌውን ዓመት ከገላውም ከልብሱም ያጥባል። እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ባናውን ተሸክሜ ወረድኩ። አክስቴ አጸደ እንዶዱን ቀጥቅጣ አረፋ አደረገችልኝ። ባና በእጅ አይታሽም፣ በእግር ይረገጣልና፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን እየዘፈንን ወረድንበት።

«ርገጪው! የአባትሽ ጠላት ነው ብለሽ ርገጪው!» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

እናቴ ባናውን አጥር ላይ ተሰጥቶ ስታየው የያዘችው ጨው ከእጇ ወደቀ። ጠርዙን ስትተረትረው እንደ ላመ ሊጥ ያለ ነገር ወጣ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የቀረው ነጩ ጠጉር ላይ የታተመ ሐምራዊ እድፍ ብቻ ነበር። እኔ ጭድ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። አባቴ ቀጭ፣ ዝም፣ ቀጭ እያለ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ «ነይ ውጪ፣ አንቺ አጣቢ!» አለኝ። አልመታኝም።

በጥቅምት ባናውን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊው እድፉን አይቶ ሳቀ።

«አባት፣ ባና እኮ በፋይል አይታሰርም።»

«እግሬስ ታስሮልሃል?» አለ አባቴ።

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ያለ ወረቀት ግን ምንም አላደርግም ብሎ መለሰን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አባቴ አረፍ ብሎ፣ «ያጠብሽውን አንቺው መልሰሽ ትጽፊዋለሽ» አለኝ።

በጋው መጥቶ ገብሱ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ፣ በባዶው አውድማ አቧራ ላይ በእንጨት እግሩ ጫፍ ፊደል ይጽፍልኝ፣ ነፋስ ሲያጠፋው እኔ በጣቴ እመልሰው ነበር። ሠራዊት ውስጥ ሳለ የተማረው ፊደሉን ብቻ ስለነበር፣ ቀሪውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ብቻዬን ለቀምኩት። በሦስተኛው ዓመት ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ የት እንደቆሰለ፣ ማን በትከሻው እንዳወጣው። ከራቤልና ከሞላሌ የመጡ ሁለት ጓዶቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት።

እግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ክረምት ወድቆ ነው። አዲሱ እግር ድምፅ አልነበረውም። አባቴ ሳይወድቅ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲመለስ ደስ ቢለኝም፣ ጉም በወረደ ቁጥር ጆሮዬ ያንን ቀጭታ ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ያንን ባና ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አሁን የወታደር ስም ከኮምፒዩተር ይፈለጋል፤ ወረቀት ለጠፋበትም የጓድ ምስክርነት ይያዝለታል። ሁሉም ይቀናዋል አልልም፤ ግን አባቴ አምስት ክረምት የወደቀበትን ጉዳይ በአንድ በጋ ጨርሰው የሚሄዱ አይቻለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ አዛውንት፣ ዝናብ የመታው ባና ለብሰው ከፊቴ ተቀመጡ።

«የስንብት ወረቀትዎስ፣ አባባ?»

ግራ ቀኝ አዩና የባናቸውን ጠርዝ ዳበስ አደረጉ። «ባለቤቴ ሰፍታዋለች፤ እንዳይጠፋ።»

ከጉልበቴ ላይ ሐምራዊውን እድፍ ገልጬ አሳየኋቸው፤ ከዚያም እርጥበቱ ሳይቀድመኝ ስፌቱን በምላጭ መፍታት ጀመርኩ።