የጄኔቪቭ ኩባክ ወንበር

ጄኔቪቭ ኩባክ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ጎረቤታችን ናት። በረዶ በሚበዛበት በዚህ በሰሜን አሜሪካ ከተማችን፣ መኪናውን ለማቆም በረዶ የጠረገ ሰው፣ እስኪመለስ ቦታው እንዲጠበቅለት ወንበር ያኖርበታል። ወንበሩን የሚነካ የለም። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ይበልጣል።

የግዛታችን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ራንዳል ፕሮስት ግን የሕግ ሰው ነበሩ። የከሰሷቸውን የኩባንያ አለቆች ይዘው ጎልፍ ሲጫወቱ ታዩ፤ ቻልናቸው። የእህታቸውን ልጅ ከክስ ነፃ አወጡት፤ እንደገና መረጥናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመረጡ ሠፈራችን ለቅስቀሳ መጡና የጄኔቪቭን ወንበር በረዶ ክምር ላይ ወርውረው መኪናቸውን አቆሙ።

ጄኔቪቭ የታመመ ጉልበቷን ለሐኪም አሳይታ ስትመለስ ቦታዋ ተይዟል።

«ወንበሬን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። መንገድ የሕዝብ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል» አሉ ፕሮስት።

«በዚህ ጉልበቴ በረዶ ስዝቅ ሕጉ የት ነበር፣ ልጄ? አካፋ አልነበረውም?»

«አቶ ዐቃቤ ሕግ፣ ምርጫው ላይ እንገናኝ!» አለ አንዱ ከመስኮት።

ቅስቀሳውን ሊዘግቡ የመጡ ጋዜጠኞች ሁሉንም ቀረጹት። ፕሮስትም ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ የሕግ አንቀጽ ጠቀሱ። አጠቃቀሳቸው አንድም ስህተት አልነበረበትም። በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ።

ዘንድሮ በረዶ ሲጥል የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ደጃቸው ያለውን የመኪና ማቆሚያ በገዛ እጃቸው ጠርገው ወንበር አኖሩ። ጄኔቪቭ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞር ወንበሩን አየችው።

«የሰው ወንበር ነው» ብላ አለፈች።