ለጠፋው አየር የተለመንኩት ግዝት

አዲሲቱ መኪና ከአሰብ ወደብ ተነሥታ፣ በወሎ በኩል ዞራ ወደ እኛ ደጋ የወጣችው በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከጓሳ ጥግ ባለች ደብር በቅስና የማገለግል፣ ከቅዳሴ መልስም ቅኔ የማስተምር ሰው ነበርኩ። ስለ መኪና የማውቀው በጭነት መኪና ጀርባ፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ መሄድን ብቻ ነው።

ባለመኪናው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ስማቸው በሹክሹክታ የሚጠራ አንድ ባለሥልጣን ናቸው። መኪናዋን ከወደብ ተረክቦ የሚነዳላቸው ደግሞ የታናሽ እኅቴ ባል፣ የእኛው ደብር ልጅ ነው። ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ከድንጋይ ጋር ልትጋጭ እንጂ ልትሄድበት ወደማይቻላት አገር የመጣች መኪና ነበረች። ከኮፈኗ ሥር ሱፐርቻርጀር የሚሉት ነገር አለ። አማቼ ሰው ሲጠይቀው «የአንጥረኛ ወናፍ በሉት። በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ እየዞረ አየሩን ጨምቆ ለሞተሩ ይግተዋል» ይል ነበር። የዚህን ወናፍ ብርታት የሚያሳይ ጌጅ ከመሪው አጠገብ ተተክሏል። ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ መርፌው ይነሣል፤ እግር ሲለቅ ይወድቃል።

ባለሥልጣኑ ቆላው ሮቢት ሜዳ ላይ መሪውን ራሳቸው ጨብጠው ሲሞክሯት መርፌው ስድስት ላይ ቆመላቸው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍም የሚለው ስድስት ነው። እጅግ ተደሰቱ አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበትና ኮረኮንች ስለሆነ እስከ መጨረሻው የሚያስረግጥ አልነበረም፤ እሳቸውም ከኋላ ጋደም ብለው ወጡ። መኪናዋ በከተማችን ባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ አደረች። አማቼ ቁልፉን ይዞ ሚስቱ ዘንድ አደረ። በማግሥቱ ጓሳ ላይ ደልዳላ መንገድ አግኝተው ቢረግጧት ግን መርፌው ከአራት ጥቂት አለፍ ብሎ ቀረ። ደገሙ፤ ያው ሆነ።

«ሌሊት ተነክታለች» አሉ ባለሥልጣኑ።

በዚያ ዘመን ይህች ቃል ቀላል አልነበረችም። አሻጥር የሚባል ስም ነበራት፤ በአሻጥር ተይዞ የተወሰደ ሰው፣ ቤተ ሰቡ ስንቅ የሚያቀብልበትን በር እንኳ ፈልጎ አያገኝም ነበር። ባለሥልጣኑ መንገዱ ለእንዲህ ያለች መኪና የማይሆን ስለሆነ እርሷን እዚያው ትተው በጂፕ ወደ ራቤል አለፉ። ሲሄዱም የአካባቢውን ካድሬ ጠርተው፣ «ከራቤል እስክመለስ የነካት ሰው ይገኝ። ካልተገኘ ሾፌሩን አስሬ እወስደዋለሁ» አሉት። አማቼም በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ተቆለፈበት።

ካድሬው ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በዚያ በር አልፎ የማያውቅ ሰው ስለነበር ምእመናኑ መንገዳቸውን ትተው ቆመው ያዩት ጀመር።

«ጓድ መምሬ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?»

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። እሑድ ሕዝቡ ሲሰበሰብ፣ ያችን መኪና የነካውን፣ ሲነካም አይቶ የደበቀውን፣ ያው እንደምትሉት ይበሉበት።»

«እንደምንለው ምን?»

ግራ ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግዝት» አለ።

«ግዝት ነው ያልከኝ?» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ይኸው ሰው ከጾሙ በፊት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ግዝት ማለት ማሳ ላይ የሚሰቀል የወፍ ማስፈራሪያ ጨርቅ ነው ብሎ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አስተምሮናል። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው «ጨርቁ ደግሞ መኪና ጠብቅ ተባለ?» ቢሉ ሰው ሳቀ።

«ሳቁ» አለ ካድሬው። «ባለመኪናው ሲመለሱ የሚስቅ ካለ አያለሁ።»

«ምንድን ነው የተሰረቀው?» አልኩት።

«አየር።»

«ሲሄድ ማን አየው?»

«መምሬ፣ ከእኔ ጋር ቅኔ አይቁጠሩ። መጽሐፉ ስድስት ይላል፣ መርፌው አራት ይላል። መካከሉን የበላ ሰው አለ።»

«ስማኝ። እኔ ግዝት የምናገረው፣ በደል መፈጸሙ ታውቆ በዳዩ ሲሰወር ነው። ከብት ተነድቶ በረቱ ባዶውን ሲታይ፣ ድንበር ተገፍቶ ድንጋዩ ከቦታው ሲታጣ ነው። አንተ ዘንድ ገና በደሉ ራሱ አልተገኘም። በማን ላይ ልናገር?»

«እምቢ ማለትዎ ነው?»

«አዎ፣ እምቢ ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር የተገዘተ ሰው ከቁርባን ይከለከላል፤ እንደ ተገዘተ ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ ጎረቤት እሳት አያቀብለውም። ይህን ቃል የያዘ አፍ በሰው ነፍስ ላይ ቁልፍ እንደ ያዘ እጅ ነው። ካድሬው ግን ቁልፉን ተውሶ፣ ያልተሰበረ በር ሊዘጋበት ፈለገ።

እኔ ሳልናገረውም ወሬው ብቻውን አገር ያስጨንቅ ጀመር። አንድ የደብራችን አዛውንት መጥተው «አባቴ፣ እኔ ነክቻለሁ» አሉኝ። መኪናዋ በመጣችበት፣ በገበያው ዕለት፣ ቆማ ሳለ በመስተዋቷ ጢማቸውን አይተው አበጥረዋል። ሌላዪቱ ሴት በጥላዋ ተቀምጣ ጥጥ መፍተሏን ነገረችኝ፤ ለፋሲካ ከመቁረብ ልትቀር ቆርጣለች። ሁለቱንም «ሂዱ፣ ምንም አላደረጋችሁም» ብዬ ሸኘኋቸው። ሲሄዱ ግን አላመኑኝም። ቃሉ ቢወጣ ደብሩ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት፤ እምቢታዬም ጠነከረ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቆሎና ጠላ ይዤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። እኅቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዘበኛው የደብራችን ሰው ስለሆነ በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን አዞረልን።

«አባ፣ በሉልኝ እንጂ!» አለኝ አማቼ ገና ሲያየኝ። «እኔ ንጹሕ ነኝ። ተናግረውበት ማንም ካልወጣ፣ ያ ሰውዬም ይፈራል። አፉ አያምንም እንጂ ሆዱ ይፈራል።»

«ንጹሕ ከሆንክ መርፌው ለምን ወረደ?»

«ደጋ ነዋ! እኔ ራሴ ከአሰብ በመጣሁ ማግሥት፣ ከቤቴ እስከ ምንጩ ደርሼ ስመለስ ትንፋሽ አጠረኝ። አየሩ ስስ ነው። ወናፍ የሚጨምቀው ያገኘውን ነው፤ ከየት አምጥቶ ስድስት ያድርስ? ነግሬያቸዋለሁ። ሰበብ ነው አሉኝ።»

«ቆላ ብትወርድ ይመለሳል?»

«ይመለሳል!»

«አይተኸዋል ወይስ ታስበዋለህ?»

ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ «አስበዋለሁ» አለ። «በዚህች መኪና ላይ አላየሁትም። በርግጥም የተበላሸ ነገር ቢኖርስ? ወደቡ ላይ ስትወርድ እኔ አልነበርኩም።»

እኅቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ወንድምዓለም፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ለአንድ ቃል ብለው ባሌን ይሰጧቸዋል?»

«ቃሉ የእኔ ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ በሰጠሁሽ።»

«የማን ነው ታዲያ? የሚናገሩት እርስዎ አይደሉም?»

ቆሎውንና ጠላውን በእጅዋ ሰጠኋት። ከዚያው በቀጥታ ወደ ካድሬው ቢሮ ገባሁ። ጥምጥሜን አስተካክዬ፣ መስቀሌን በእጄ ይዤ፣ ተቀመጡ ሳልባል ተቀመጥኩ።

«መኪናዋን ሮቢት አውርዳት» አልኩት። «መርፌው ስድስት ላይ የታየው እዚያ ነው፤ እዚያው ይታይ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ካልቆመ ከአማቼ ጋር እኔንም ቆልፍብኝ።»

ሳቀ። «የባለሥልጣን መኪና ይዤ፣ እስረኛ አስነድቼ፣ ቄስ ጭኜ ቆላ ልውረድ? እሳቸው ቢመለሱስ? ምን ልበላቸው?»

«ካልወረድክ እኔ የምላቸውን እነግርሃለሁ። ከራቤል ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። ‹ካድሬዎ ደጀ ሰላም ድረስ መጥቶ ግዝት ለመነኝ› እላቸዋለሁ። የሰማ ሕዝብ አለኝ።»

ሳቁ ቆመ። «ያስፈራሩኛል?»

«አዎን።»

«ሊያሳስሩኝ ነው እኮ!»

«አንተ ልታሳስረው ያለኸውስ ሰው አይደለም?»

ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፣ በመስኮት ወደ ግቢው አየ። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ቆማለች። «ነገ ጎሕ ሲቀድ» አለ ሳይዞር። «ካልቆመ ግን መምሬ፣ በእግዜርዎ ነው የምልዎ፣ አልለቅዎትም።»

በማግሥቱ አማቼ መሪ ጨበጠ፣ እኔ ከጎኑ፣ ካድሬው ሽጉጡን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከኋላ ሆነን ወረድን። ጉም ነበረ። እስከ ጣርማበር ድረስ ድንጋዩ ከሥር ይደበድበን ነበር፤ ካድሬውም ድንጋይ በነካ ቁጥር «ቀስ በል! የሰው ንብረት ነው!» ይላል።

«የሰው ንብረት ነው ያለው?» አለኝ አማቼ በቀስታ። «የሰፊው ሕዝብ አልነበረም እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ፍሬኑ ጥሩ ነው አልኩ፣ ጓድ።»

ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲናን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ካድሬው ካፖርቱን አወለቀ። እኔ በልቤ እጸልይ ነበር፤ ጸሎቴ ግን ልመና ብቻ አልነበረም። አቤቱ፣ መርፌው ባይነሣም ቃልህን አላበደርኩም እያልኩ ነበር። ይህን ስል አልፈራሁም ማለቴ አይደለም።

ሮቢት ሜዳ ላይ መንገዱ ቀጥ አለ። አማቼ አማተበና ማርሽ ለወጠ። «አባ፣ እርስዎ ያንብቡት። እኔ መንገዱን ልይ።»

ረገጠ። ወንበሩ ከኋላዬ ገፋኝ። ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፣ መርፌውም ተንቀሳቀሰ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ላይ ጥቂት ዘገየ። ከዚያ ወጣና ስድስት ላይ ቆመ።

«ስድስት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ድምፄ በማኅሌት እንኳ እንዲያ ወጥቶ አያውቅም።

«ድገመው» አለ ካድሬው፣ በመካከላችን አንገቱን አስግጎ። አማቼ ደገመው፤ ስድስት። «አሁንም» አለ። አሁንም ስድስት። ስንመለስ ደግሞ ደብረ ሲና ላይ አስረገጠው፤ አምስት። ጓሳ ጥግ ስንደርስ አስረገጠው፤ አራት ከምናምን። ያን ጊዜ ወደ ኋላው ተደግፎ ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ መለሰ።

«ስለዚህ ማንም አልነካትም» አለ፣ ለራሱ።

«ማንም።»

ከተማው ሲቃረብ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «መምሬ፣ የግዝቱ ነገር እንግዲህ በመካከላችን ይቅር።»

«ለእሳቸው አልነግርም፤ ሮቢት ወርደሃልና ቃሌን እጠብቃለሁ። ለደብሬ ሰው ግን እነግራለሁ። ያልነኩትን ነካን ብለው ከቁርባን ሊቀሩ የተነሡ አሉ።»

«አይችሉም!»

«ታያለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆሜ ተናገርኩ፤ ግዝት ተለምኜ እምቢ ማለቴን፣ የተሰረቀ ነገር አለመኖሩን፣ መኪናዋን የነካም ያልነካም ነጻ መሆኑን ነገርኩ። ጢማቸውን ያበጠሩት አዛውንት ከፊት ቆመው በእፎይታ አለቀሱ። ባለሥልጣኑ ከራቤል ሲመለሱ ካድሬው «በተግባር አረጋገጥኩ» አላቸው፤ መቼም እውነቱን ነው። እሳቸው ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣቸውም። መኪናዋ ትታጠብ ብለው አዘዙ፣ አማቼንም እንደ ተራ ዕለት «ተነሣ እንሂድ» አሉት።

እኔን ካድሬው አልማረኝም። በየሳምንቱ እርሱ የሚሰጠውን የንቃት ትምህርት እንድከታተል ታዘዝኩ፤ ከፊት ወንበር። ሄድኩ። ጥምጥሜን አላወለቅሁም፣ መስቀሌንም ከእጄ አላኖርኩም። ሃይማኖት የሚነቀፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ዓይኑን አየው ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንን ክፍል በችኮላ ማለፍ ጀመረ።

እኅቴ ግን እስከ ፋሲካ አላናገረችኝም። ባልዋ በደኅና መልእክት ከላከ በኋላ፣ በበዓሉ ማግሥት ቤቴ መጣች፣ ተሳለመች፣ ከዚያም በቆመችበት ጠየቀችኝ።

«መርፌው አራት ላይ ቢቀርስ ኖሮ?»

«ከእርሱ ጋር እታሰር ነበር።»

«የእርስዎ መታሰር ለእኔ ምን ይበጀኛል? ግዝቱን ይሉት ነበር ወይ ነው የምለው።»

«አልለውም ነበር።»

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅር በይኝ አላልኳትም። ተቀመጪ አልኳት፣ ተቀመጠች፤ የፍስኩን ምግብ አቀረብኩና አብረን በላን።