ረቢዓ የመራችው የኖራ መስመር

ረቢዓ በሸሕዲ መግቢያ፣ ከመንገዱ ዳር ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሁለት ዚር አኑራ ሃያ ዓመት ውሃ አጠጥታለች። ዚር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። ሰሊጥ ሊያጭዱ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ከጥላው አርፈው፣ ቀድተው ጠጥተው ይሄዳሉ። ለሞተው ባሏ የምታወጣው ሰደቃ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ሕዝብ ይወያይ ተባለ። የሠፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስሜነህ ወረቀት ይዞ ዞረ። “ስብሰባው ላይ መገኘታችሁን ነው፤ እዚህ ላይ አሻራ አድርጉ” አለን። ሰማያዊውን ቀለም ነክተን አተምን። ወረቀቱ ግን “ዛፉ እንዲቆረጥ ተስማምተናል” የሚል ነበር። ኒሙ በአንድ ጧት ወደቀ። ለካ ዛፉ ስሜነህ ከበስተጀርባው ለሚሠራው የሰሊጥ መጋዘን የመኪና መግቢያውን ዘግቶበት ኖሯል።

ረቢዓ አላለቀሰችም። ዚሮቿን ወደ ደጇ አዛወረችና የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች፤ እኔንም ጎረቤቷን ጎትታ ወሰደችኝ። መምህሯ ስማችሁን ጻፉ ስትለን፣ ረቢዓ “ስሜነህ” ብላ ጻፈች።

“ይኼ የእርስዎ ስም ነው?”

“አይደለም። እንዳልረሳው ነው።”

ዘንድሮ የመንገዱን ዳርና ዳር የማልማት ሥራ መጣ። ኢንጂነሯ ሔለን ካርታውን ከግድግዳ ለጥፋ፣ “የክረምቱ ጎርፍ ድሮ በየት ነበር የሚወርድ? ቦዩ በዚያው ይቀደዳል፤ መስመሩ ላይ ያለ ቤት ይነሣል። የሚያውቅ ሰው ይምራኝ” አለች። ሰው ሁሉ ወደ ረቢዓ ዞረ። አንድ ክረምት ጎርፉ ዚሯን ወስዶባት፣ ስትከተለው ውላለች። ለነገ ጧት ተቀጠረ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ስሜነህ ደጇ መጣ። ከዚሩ ቀድቶ ጠጣ።

“እማማ ረቢዓ፣ ያ ጎርፍ ከመጋዘኔ ጎን ባለው ባዶ ቦታ በኩል አይደል የሚወርድ የነበረ?”

“ጠጥተህ ጨረስህ?”

“ጨረስሁ።”

“ጣሳውን መልስና ሂድ።”

“እማማ፣ ልጆች አሉኝ እኮ።”

“አውቃለሁ። ከኒሙ ሥር ነበር የሚጫወቱ።”

በማግሥቱ ረቢዓ ከፊት በበትሯ እየመራች፣ ሔለን ከኋላ ኖራ እያፈሰሰች ሄዱ፤ ስሜነህም ከሠፈሩ ሰው ጋር ተከተለ። እኔም ያን ውሃ አውቀዋለሁ። የመጋዘኑን ጥግ ብቻ ነክቶ ነበር የሚያልፍ። ረቢዓ ከጥጉ ስትደርስ ቆመች። ስሜነህን አየችው። ከዚያ ወደ መሀል ሄዳ በትሯን ከመጋዘኑ በር ፊት ተከለች።

“በዚህ ነው።”

“ኧረ በዚህ አይደለም፤ ጥጉን ብቻ ነው የሚነካ” አለ ስሜነህ።

“ትናንት በባዶው ቦታ ነው አላልኸኝም?”

ሰው ሳቀ። ሔለን ወደ እኔ ዞረች። “እርስዎም ያውቁታል አሉ። በዚህ ነው?”

ረቢዓ አላየችኝም። እኔ የኒሙን ጉቶ እያየሁ ነበር።

“በዚህ ነው” አልሁ።

መስመሩ በመጋዘኑ በኩል እንዲያልፍ የሚለው ቃለ ጉባኤ ሲመጣ ረቢዓ ከራስጌው እስከ ግርጌው ቃሉን ሁሉ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ፀሐዩ እስኪከር አስጠበቀችን። ከዚያ ፈረመችና ብዕሩን ለስሜነህ አቀበለችው።

“ፈርም፣ ልጄ” አለችው። “መገኘትህን ነው።”