ውሃ አላወጣ ያለው ማሽን

ሳይጨመቅ የቆየ ልብስ በሸተተኝ ቁጥር ባደግኩባት የባሕር ማዶ ከተማ በቡሪየን የነበረው ቤታችን ጋራዥ ትዝ ይለኛል፤ እናቴም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ክብ መስታወት ፊት ቁጢጥ ብላ ትታየኛለች። ማሽኑን የምንጋራው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ከሚኖሩት የቡታጅራ ሴት፣ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ነበር።

የዚያ አገር ዝናብ በጥቅምት ሲጀምር ማሽኑ አንዳንዴ ውሃውን ያወጣ፣ አንዳንዴ ደግሞ ልብሱን እንዳቀፈ ቀጥ ይል ጀመር። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ግራጫውን ውሃ በሳፋ እየተቀበለች፣ ጣቷን አሽትታ «ይሄ የምንጣፍ ሽታ ነው፤ ምንጣፋቸውን እዚህ ነው የሚያጥቡት» ትል ነበር። አባቴ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቀን ስለሚተኛ «አከራዩን ኮል አድርጊው» ይላታል፤ አከራዩም «ሳሙና ታበዛላችሁ» ብሎ ይዘጋባት ነበር።

ብርዱ ሲጠና ጥርጣሬውም ጠና። እትዬ ዘይነባ ልብስ ባስገቡ ቁጥር እናቴ «እስቲ ምን እንደከተቱ እዪ» ብላ ትልከኝና፣ እኔ «ጀስት ክሎዝ፣ ማሚ፤ ልብስ ብቻ ነው» ብዬ እመለስ ነበር። አንድ ቀን እሳቸውም ደረጃው ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ኪሳችሁን ሳትፈትሹ ነው እንዴ የምታጥቡት?» አሉኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወጥታም «እትዬ ዘይነባ፣ አይቀየሙኝና ምንጣፍዎን ሌላ ቦታ ቢያጥቡት» አለቻቸው።

«የምን ምንጣፍ?» አሉ። እናቴ ግን ዞራ ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘይነባ ልብሳቸውን በትልቅ ፌስታል ጠቅልለው፣ በዝናብ አውቶቡስ እየጠበቁ ላውንድሪ ቤት ይመላለሱ ጀመር። እናቴ በመስኮት እያየቻቸው «ጥፋት ከሌለባቸው ለምን ይሄዳሉ?» ትል ነበር።

ፀደይ ሲገባ ግን ማሽኑ እሳቸው በሌሉበት ጭራሽ ውሃ ማውጣት አቆመ። አባቴ በእረፍቱ ቀን የኋላውን ቱቦ ነቅሎ አየና አለመታጠፉን አረጋግጦ፣ ጆሮውን አስጠግቶ «ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውሃውን ግን አይገፋም» አለ። ከዚያ ከታች ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፍቶ፣ ውሃው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ፣ ማጣሪያውን አዙሮ ሲያወጣ አብሮ የመጣው በፀጉርና በክር የተተበተበ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነበር።

እናቴ ኤርፖርት አውሮፕላን የምታጸዳ ሠራተኛ ነበረች፤ መንገደኞች ጥለዋቸው የሚሄዱትን ማዳመጫዎች በዩኒፎርሟ ኪስ እየከተተች ታመጣልን ነበር። አባቴ ቀና ብሎ አያትና ገመዱን ዘረጋላት።

«እሳቸው ከትተውት ቢሆንስ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ራሷንም የሚያሳምን አልነበረም። ገመዱን ተቀብላው ደረጃውን ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት።

«እትዬ ዘይነባ፣ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

በሩን እንደያዙ ገመዱን አዩት። «ምንጣፍ የለኝም እኮ» አሉ፤ «ግቢና እዪ።»

እናቴ አንገቷን ደፍታ ገባች። እስኪመሽ አልወጣችም።

ዛሬ ማውንትሌክ ቴራስ በምትባል ሌላ ከተማ በሚገኘው አፓርታማዬ የራሴ ማሽን አለኝ፤ ሲበላሽ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ አስተካክለዋለሁ፣ ማንንም አልጠረጥርም። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ግን አላውቅም፤ ብበድላቸው እንኳ «ግቢ» የሚሉኝ አይመስለኝም።