የቀኙ አግዳሚ

ያኔ ሚዛን ተፈሪ፣ የቡና መቀሸሪያ ቤት ነበር የምሠራው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሥራዬም ቤቴም ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚታይበት ኳስ ቤት ነበር። የምደግፈው የአውሮፓ ክለብ ከተሸነፈ እራት አልበላም። እንዲህ ያለሁ ጅል ነበርኩ፤ ምን እዋሻለሁ።

አባቴ በሸኮ በኩል ቡና የሚያመርት ገበሬ ነው። ኳስን የሚያውቀው በሬዲዮ ነበር። ለእሱ ኳስ ማለት ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የቀረው ዝም ብሎ ሩጫ ነው። ቡናና ኳስ የሚወዱት አንድ ዓይነት አፈር ነው ይላል። ጓደኞቼ ይህን ሰምተው መሳቂያ አድርገውኛል። በተለይ አማርኛውን እየሰባበረ ሲከራከራቸው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አንድ ታኅሣሥ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሊያስቀሽር ከተማ መጣ። በማግስቱ እሁድ ቀትር ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮንና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮን ጃፓን ላይ ለክለቦች የዓለም ዋንጫ ይጋጠማሉ። የአውሮፓው ደግሞ የእኔው ክለብ! አባቴ ውሰደኝ አለ። አባትን እምቢ ይባላል እንዴ?

በኳስ ቤታችን ሰው የሚቀመጠው በድጋፉ ነው፤ የአንዱ ደጋፊ በግራ፣ የሌላው በቀኝ። ያን ቀን ሁሉም ግራው ላይ ታጭቆ የቀኙ አግዳሚ ባዶውን ቀረ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሄደና ብቻውን እዚያ ተቀመጠ። እኔስ? ከጓደኞቼ ጋር በግራ። ከኋላዬ አንዱ፣ ሽማግሌው መንገድ ጠፍቷቸው ነው ወይ ሲል ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እሱ ሰምቶም እንዳልሰማ ሆነ። ደቡብ አሜሪካኖቹ ጥሩ በተቀባበሉ ቁጥር ያጨበጭባል፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሁለት እጅ ብቻ። ከዕረፍት በፊት ብድግ አልኩ። በቤቱ ደንብ፣ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ አግዳሚ የቀየረ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያየው። ቆሜ ልየዋ! ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ከሃዲ እያሉ ወረዱብኝ። አባቴ ጠጋ አለልኝ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የእኔው ክለብ አገባ፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ። ቤቱ ቀውጢ ሆነ። የኳስ ቤቱ ባለቤት ወደ እኛ ዞሮ፣ "አባባ፣ አዩ አይደል? ኳስ ያለው አውሮፓ ነው" አለ።

አባቴ አልተቆጣም። ያገባው ልጅ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ። ብራዚላዊ ነው አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ያቀበለውስ አለኝ። አርጀንቲናዊ።

"የእኛም ቡና የሚሄደው አውሮፓ ነው" አለ ረጋ ብሎ ለኳስ ቤቱ ባለቤት። "ታዲያ የሚበቅለው አውሮፓ ነው ያለህ ማነው?"

ያን ቤት የሞላው ቡና ለቃሚው፣ ቡና ጫኙ፣ ቡና ነጋዴው ነው፤ ነገሩ ለማን ይጠፋዋል? መጀመሪያ ያጨበጨበው ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ከማጂ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረ አንድ ነጋዴ፣ እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ።

"አባቴ ነው" አልኩት።