የአብዲቃድር ጊታር ሦስተኛዋ ማግኔት

ስለ ወንድሜ ስለ አብዲቃድር ጻፊ ተብዬ ነው። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሴት ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

ያኔ እኔና አብዲ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቬንቲሌተር እንጠግን ነበር። ሞተሩን የሚፈታው እሱ፣ የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቼ አዲሱን የምጠቀልለው እኔ። በድሬ ሙቀት ቬንቲሌተሩ የቆመበት ሰው ትዕግስት ስለሌለው ሥራ አጥተን አናውቅም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ አብዲ የቀበሌያችን ኪነት ጊታር ተጫዋች ነው። ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው፤ የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር በየቀበሌው የሚለጠፍበት። ኪነት ውስጥ ያለ ልጅ ስሙ ይታለፋል። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ይሄን ሳያስታውስ ከልምምድ አይወጣም። «ከኪነት የወጣ ሁርሶ ይገባል» ይላል፣ እንደ ቀልድ። ሁርሶ የወታደር ማሰልጠኛው ነው፤ የሚስቅ የለም።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጊታሩ ዝም አለ። ፈትተን አየነው። ከክሮቹ ስር የምትቀመጥ፣ የክሩን ንዝረት ይዛ ወደ አምፕሊፋየሩ የምትልክ ማግኔት አለች። እሷ ላይ የተጠመጠመውን ቀጭን ሽቦ ላብ በልቶ በጥሶታል።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ኤዶ ኻድራን አስጠራት። ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የምታመጣ ሴት ናት፤ አክስታችን ባትሆንም ሁላችንም ኤዶ ነው የምንላት።

«አቦ ጓድ» አለችው፣ «ጠዋት በማይክ ኮንትሮባንድ ይውደም ትላለህ፣ ከሰዓት ለኔ ዕቃ ታዛለህ?»

«ይሄ ለአብዮቱ ነው።»

«እንግዲያው አብዮቱ ኬላው ላይ ይቁምና ከፊናንሶቹ ያሳልፈኝ!»

ግን ሄደች። በሳምንቱ ሁለት ማግኔት በሩዝ ከረጢት ቀብራ ይዛ መጣች።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አብዲ የመጀመሪያውን በላስቲክ ከክሮቹ ስር አሰረና ሁሌ የሚሞክርባትን ዜማ መታ። አባታችን በዑድ ይጫወታት የነበረች የሰርግ ዜማ ናት። ጨርሶ እንኳ አልመታትም። «ማንኪያ በሰሃን» ብሎ ፈታው። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አለው። እሱ አዳራሹን አናወጠው።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይሄ ነው! አደባባዩ ጫፍ ድረስ ይሰማል።»

«መሰማቱንስ ይሰማል» አለ አብዲ። «ግን ቀስ ብዬ ብነካውም፣ ብደበድበውም ያው አንድ ጩኸት ነው።»

«ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ሁለቱን ጠልተህ ሦስተኛ ከየት ልውለድልህ?» አለች ኤዶ።

እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ምላሴ ይተሳሰራል። ወደ አብዲ ተጠግቼ በኦሮምኛ፣ በጆሮው፣ «እኔ ልጠቅልላት?» አልኩት።

የቬንቲሌተር ሽቦ ለሷ ወፍራም ነው። ከሞተ ሬድዮ ትራንስፎርመር ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ አወጣሁ። የድሮዋን ማግኔት አጽድቼ የስፌት መኪና መዘውር ላይ አሰርኳትና በጣቴ እየመራሁ ጠቀለልኩ። ሁለቴ ተበጠሰብኝ። ስንት ዙር እንደሚበቃት የሚነግረኝ የለም፤ እስክትሞላ፣ እስክታብጥ አላቆምኩም። ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሞተር ቬርኒሽ ውስጥ ነከርኳትና ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። የጊታር ዕቃ ቬርኒሽ ይነከር አይነከር አላውቅም። የማውቀው፣ ሽቦ ልል ከሆነ ይንጫጫል።

በበዓሉ ዋዜማ ሳምንት፣ ሦስት ቀን ሲቀር፣ አዳራሽ ይዘናት ሄድን። ጊታሩ ላይ በየድኩለትና አብዲ ያችን ዜማ መታ። ድምፁ ወረድ ያለ፣ ጣቱ ክሩን ከለቀቀው በኋላም ትንሽ የሚቆይ። የአባታችን ዑድ ነው ልል አልችልም። ዘመዱ ግን ነው።

«ይቺ ናት» አለ አብዲ። «ሌላ አልፈልግም።»

የጓድ ኃይለጊዮርጊስ ፊት ጠቆረ። «ዑድ አደረጋችሁት! ዑድ በማን ሬድዮ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ?» የሞቃዲሾን ሬድዮ ማለቱ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ እሱን ሲሰማ የተገኘ ይታሰር ነበር።

«እኔ የሰማሁት በአባቴ ቤት ነው።»

«ትልቁን ግጠም።»

«አልገጥምም።»

«ጊታሩ የቀበሌው ነው!»

«እሺ፣ ቀበሌው ይጫወትበታ።»

ከዚያ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ወደኔ ዞረ። የብየዳው ካውያ በእጄ ነበር፣ እንደጋለ። «አንቺ ንቀያት። ወንድምሽን ከሁርሶ አድኚው።»

እውነቱን ልጻፍ። ልነቅላት ነበር። እጄን ሰደድኩ። አብዲን ቀና ብዬ ሳየው ጊታሩን ወደኔ አዞረልኝ፤ ፍርዱ ያንቺ ነው እንደማለት።

«አልነቅልም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው፣ ግን ወጣ። «እኔ ነኝ የሠራኋት። አልነቅላትም።»

«ወላሂ!» አለች ኤዶ ኻድራ፣ ጭኗን መትታ። «ይቺ ልጅ ለካ ትናገራለች!»

በሦስት ቀን ሌላ ጊታር ተጫዋች አይገኝም። መስከረም ሁለት አብዲ በዚያችው ማግኔት ተጫወተ። ስሙ እየተጠራ የተሰለፈው ሕዝብ በመፈክር ጉሮሮው ደርቋል። አብዲ የአብዮቱን መዝሙር እስከ እኩሌታው አድርሶ ተወውና ወደ ሰርጓ ዜማ ገባ። ሰዉ መጀመሪያ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከኋላ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጭብጨባውም የሰርግ ጭብጨባ ሆነ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ መድረኩ ስር እጁን ያወናጭፋል፤ ማን አይቶት።

በጥቅምት የአብዲ ስም ወጣ።

ምልምሎቹ የተጫኑ ቀን ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ሸኚ ሆኖ መጣ። አብዲ ከመኪናው ላይ ጠራው። «ጓድ፣ ትልቁን ማግኔት አስገጠምከው?»

«አስገጥሜዋለሁ።»

«አብሽር። እንግዲህ አንተው ተጫወትበት።»

መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ከሁርሶ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ከሦስት ዓመት በኋላ በግራ እግሩ እያነከሰ ተመለሰና ያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞተር መፍታቱን ቀጠለ። አይቆጭህም ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እፈራለሁ። ሌላ ሰው ሲጠይቀው ግን ሰምቼዋለሁ። «ይቆጨኛል እንጂ» ይላል፣ መፍቻውን ሳያስቀምጥ። «መዝሙሩን እስከ እኩሌታው እንኳ መጫወቴ።»